ለአዲስ ተመራቂ የቴክኖሎጂ ሥራ ማመልከት፦ ከቅጹ እስከ ውሉ ፊርማ

አብዛኛው አመልካች የሚወድቀው ችሎታ አጥቶ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ስለሚሄድ ነው። መጀመሪያ ሲቪውን ይልካል፤ ከዚያ ለፈተናው መለማመድ ይጀምራል። ብዙ ድርጅቶች ግን ማመልከቻው እንደገባ፣ አንዳንዴ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ሰው ሳይነካው የፈተና ሊንክ ይልካሉ። ሊንኩ ብዙ ጊዜ በ5 ወይም በ7 ቀን ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከዜሮ ተነሥቶ ለኮድ ፈተና መዘጋጀት ዘበት ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ «ላክ» የሚለው ቁልፍ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመላካችሁ በፊት

ለዚህ ቢያንስ 4 ሳምንት መድቡ።

1. ሠንጠረዥ ክፈቱ። የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መደቡን፣ የማብቂያ ቀኑን ከነታይም ዞኑ፣ የላካችሁትን የሲቪ ቅጂ፣ ያላችሁበትን ደረጃና ቀጣዩን ቀነ ገደብ መዝግቡ። የማስታወቂያውንም ሙሉ ጽሑፍ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ምዝገባው ሲያበቃ ገጹ ይነሣል፤ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ግን የምትዘጋጁት ከእሱ ነው።

2. መስፈርቱን አጣሩ። የምረቃ ዓመት ገደብ፣ የትምህርት መስክ፣ ዝቅተኛ ውጤትና በዚያ አገር የመሥራት ፈቃድ፦ ከእነዚህ አንዱን የማታሟሉ ከሆነ የሲቪ ውበት አያድናችሁም። «ቢኖር ይመረጣል» ተብሎ የተጻፈው ግን ግዴታ አይደለም፤ ግማሹን ብታሟሉም አመልክቱ።

3. በድጋሚ ማመልከት የሚፈቀድበትን ጊዜ ፈልጉ። በፈተና የወደቀን ሰው ለ6 ወይም ለ12 ወር የማያስተናግዱ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ በአንድ ዙር ከአንድ መደብ በላይ አይቀበሉም። ስለዚህ አጥብቃችሁ የምትፈልጉትን ድርጅት መለማመጃ አታድርጉት። መጀመሪያ እምብዛም ለማትጓጉላቸው 2 ወይም 3 ቦታዎች አመልክቱ፤ የእውነተኛ ፈተና ጭንቀት የሚለመደው በእውነተኛ ፈተና ነው።

4. የማብቂያ ቀኑን አትመኑ። ማመልከቻ በገባ ቁጥር እያዩ ቦታውን የሚሞሉ ድርጅቶች ማስታወቂያው ሳይዘጋ ቃለ መጠይቁን ሊጨርሱ ይችላሉ። ዝግጅታችሁ ባለቀ ማግሥት ላኩ፤ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ።

5. የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል አትጠቀሙ። ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ይችላል፤ የቅጥር ደብዳቤው ደግሞ የሚመጣው ያኔ ነው። በስማችሁ የግል ኢሜይል ክፈቱ፤ የስፓም ሳጥኑን በየቀኑ ተመልከቱ።

6. ስማችሁ በዲግሪው፣ በመታወቂያውና በቅጹ ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መስፈሩን አረጋግጡ። የአንድ ፊደል ልዩነት የኋላ ታሪክ ማጣራቱን ለሳምንታት ሊያጓትተው ይችላል።

7. በየቀኑ 1 ሰዓት ኮድ ጻፉ። አንድ ቋንቋ ምረጡና አትቀይሩ። በዚህ ተራ ሂዱ፦ አሬይ (የእሴቶች ተርታ) እና ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ ሃሽ ማፕ (እሴትን በቁልፉ ወዲያው የሚያገኝ መዝገብ)፣ መደርደርና ባይነሪ ሰርች፣ ስታክና ኪው፣ ትሪና ግራፍ። ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ጊዜ ካጠረም እሱ ይቅር። መካከለኛ ክብደት ያለውን ጥያቄ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያለ እርዳታ መጨረስ ስትችሉ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ደረጃ 2፦ ሲቪ

አንድ ገጽ፣ አንድ ዓምድ፣ ፒዲኤፍ። ባለ ሁለት ዓምድ ንድፍ ለዓይን ያምራል፤ ጽሑፉን የሚያወጣው ሶፍትዌር ግን የግራውንና የቀኙን መስመር ቀላቅሎ ሊያነበው ይችላል። የችሎታ ደረጃ የሚያሳዩ ኮከቦችና አሞሌዎችም ለሶፍትዌሩ ባዶ ቦታ፣ ለባለሙያው ደግሞ ትርጉም የለሽ ናቸው።

ለመፈተሽ፦ ፒዲኤፉን ክፈቱ፣ ሁሉንም ምረጡ፣ ገልብጡና በተራ የጽሑፍ ማስታወሻ ላይ ለጥፉ። ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ ወይም ፊደል ከጎደለ ሶፍትዌሩም የሚያየው ያንኑ ነው። ምንም ካልተለጠፈ ፋይሉ ምስል ነው፤ ከዎርድ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ አውጡት።

ፕሮጀክት ስትገልጹ ምን እንደሠራችሁ፣ በምን እንደሠራችሁና ምን እንደተለወጠ ጻፉ።

ደካማ፦ «የቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በመሥራት ተሳትፌያለሁ።»

ጠንካራ፦ «በ3 ሰው ቡድን ውስጥ የመጻሕፍት ማዋሻ ሥርዓቱን የሰርቨር ክፍል በጃቫ ጻፍኩ፤ ዳታቤዙ ላይ ኢንዴክስ ጨምሬ የፍለጋውን ጊዜ ከ4 ሰከንድ ወደ 0.3 ሰከንድ አወረድኩ።»

ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን። በቃለ መጠይቁ «በምን ለካችሁት?» መባሉ አይቀርም።

ቃላቱን ከማስታወቂያው ጋር አስማሙ። እነሱ የአንድን ዳታቤዝ ስም ጠርተው እናንተም በዚያው ሠርታችሁ ከሆነ «ዳታቤዝ» ብላችሁ አትለፉት፣ በስሙ ጥሩት። የማታውቁትን ግን አትጨምሩ። በነጭ ቀለም ቁልፍ ቃላትን መደበቅ የሚባለውን ብልሃትም ተዉት፤ ጽሑፉ ሲወጣ ቃላቱ ተግተልትለው ይታያሉ።

የጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ሊንክ የምታስገቡ ከሆነ ቀድማችሁ አጽዱት። 2 ወይም 3 የተሟሉ ፕሮጀክቶችን ከላይ አስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚነሣ አጭር መግለጫ ጻፉ። ኮዱ ውስጥ የይለፍ ቃል ወይም የኤፒአይ ቁልፍ (የሌላ አገልግሎት መግቢያ ኮድ) ካለ ፋይሉን መሰረዝ አይበቃም፤ በጊት ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ቁልፉን ከአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ሰርዙና አዲስ አውጡ።

ደረጃ 3፦ ቅጹ

ሲቪያችንን «ሮቦት ጣለው» የሚለው ሐሜት ተጋንኗል። ወዲያው በሥርዓቱ ተጥሎ የሚቀረው አመልካች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በቅጹ ላይ ባሉት የአዎ ወይም የአይ ጥያቄዎች ነው፦ የሥራ ፈቃድ አለህ? በዚህ ዓመት ትመረቃለህ? ወደ ቦታው መዛወር ትችላለህ? እነዚህን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

ረጅም መልስ የሚፈልጉትን ጥያቄዎች በሌላ ሰነድ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ፖርታሉ (የማመልከቻው ድረ ገጽ) ዝም ብላችሁ ከቆያችሁ ይዘጋል፤ የጻፋችሁትም ይጠፋል።

«ለምን እኛን መረጥክ?» ለሚለው 3 ነገር በቂ ነው፦ ድርጅቱ የሚሠራው አንድ የተወሰነ ነገር፣ ያ ነገር እናንተ ከሠራችሁት ጋር የሚገናኝበት፣ ከዚህ የሥራ መደብ መማር የምትፈልጉት። ከዚያ የድርጅቱን ስም አውጥታችሁ በተፎካካሪው ስም ተኩት። ዓረፍተ ነገሩ አሁንም ልክ ከመሰለ መልሱ ባዶ ነው፤ እንደገና ጻፉ። በነገራችን ላይ፣ ከሌላ ማመልከቻ የተገለበጠ መልስ የሌላውን ድርጅት ስም ይዞ የሚገባው ከሚታሰበው በላይ ነው።

በአካል ጉዳት ወይም በንባብ ችግር ምክንያት ተጨማሪ ጊዜ ካስፈለጋችሁ የምትጠይቁት እዚህ፣ ፈተናውን ከመክፈታችሁ በፊት ነው። ከተፈተናችሁ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ለፈተና፣ ለሥልጠና ወይም ለላፕቶፕ ገንዘብ አስቀድማችሁ ክፈሉ የሚል «ቀጣሪ» አጭበርባሪ ነው። የማታውቁት ሰው «ፈተና ነው» ብሎ የላከውን ፕሮጀክትም በዋናው ኮምፒውተራችሁ ላይ አታስነሡ። የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ኮድ በዚህ መንገድ ይላካል። በቨርቹዋል ማሽን (ከዋናው ተለይቶ በሶፍትዌር በሚሠራ ኮምፒውተር) ክፈቱት።

ደረጃ 4፦ የቁጥርና የአመክንዮ ፈተና

ሁሉም ድርጅት አይሰጠውም። ከተሰጣችሁ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ሊደርሳችሁ ይችላል። ሒሳቡ የ8ኛ ክፍል ነው፤ የሚጥለው ፍጥነቱ ነው። ካልኩሌተርና ባዶ ወረቀት አዘጋጁ። የመቶኛን መነሻ አትሳቱ፦ ከ80 ወደ 100 መውጣት የ25% ጭማሪ ሲሆን ከ100 ወደ 80 መውረድ ግን የ20% ቅናሽ ነው። የሠንጠረዡን መለኪያ (ሺህ ነው ሚሊዮን?) ከጥያቄው በፊት እዩ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የሚቀነስ መሆኑን ከመመሪያው አረጋግጡ፤ የማይቀነስ ከሆነ ባዶ ትታችሁ አትለፉ።

በሥራ ቦታ ሁኔታ ላይ የሚነሡ የምርጫ ጥያቄዎች ሲመጡ ችግሩን ደብቆ ለብቻ መታገልንም ወዲያው ወደ አለቃ መሮጥንም አትምረጡ። መጀመሪያ የሚመለከተውን ሰው ማነጋገር፣ ካልተፈታ ማሳወቅ፦ ብዙ ጊዜ የሚሻለው ይህ ነው።

ደረጃ 5፦ የኮድ ፈተና

ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ነው። እንደ ሃከርራንክ፣ ኮዲሊቲና ኮድሲግናል ባሉ መድረኮች ላይ ይሰጣል። የምታዩት ጥቂት ምሳሌዎችን ነው፤ ነጥቡ የሚሰላው ግን በማታዩአቸው ቴስት ኬሶችም (የመፈተኛ ግቤቶችና ውጤቶቻቸው) ጭምር ነው። «እኔ ጋ ሠርቷል» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

መድረኩ የልምምድ ጥያቄ ካለው አንድ ጊዜ ሥሩበት፤ ግቤት (ለፕሮግራሙ የሚሰጠው ዳታ) እንዴት እንደሚነበብና ውጤት መታተም ወይስ መመለስ እንዳለበት የምታውቁት በዚያ ነው። ቻርጀሩን ሰኩ፣ የመልእክት ማሳወቂያዎችን አጥፉ፣ ሌሎች ታቦችን ዝጉ። ከታቡ መውጣትን፣ ገልብጦ መለጠፍንና ካሜራን የሚመዘግቡ መድረኮች አሉ። የቋንቋውን ማጣቀሻ ወይም የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያ መጠቀም የሚፈቀድ መሆኑ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ መመሪያውን አንብቡ፣ ካልተጻፈ ጠይቁ። መልሶች ከሌሎች አመልካቾች ኮድ ጋር በሶፍትዌር ይነጻጸራሉ፤ የተለዋዋጭ ስም መቀየር ቅጂን አይደብቅም።

የ90 ደቂቃ፣ የ3 ጥያቄ ፈተና አካሄድ

1. ከ0 እስከ 5፦ ሦስቱንም አንብቡ። ቀላሉ መጀመሪያ ላይ ላይሆን ይችላል።
2. ከ5 እስከ 25፦ ቀላሉን ሙሉ በሙሉ ጨርሱ።
3. ከ25 እስከ 55፦ ሁለተኛውን። 10 ደቂቃ አስባችሁ ፈጣኑ መንገድ ካልመጣላችሁ ዘገምተኛውን ጻፉና ከፊል ነጥብ ያዙ።
4. ከ55 እስከ 80፦ ሦስተኛውን።
5. የቀረው 10 ደቂቃ፦ ባዶ ግቤት፣ አንድ አባል ብቻ፣ ሁሉም እኩል፣ አሉታዊ ቁጥር፣ ትልቁ የተፈቀደ መጠን። ከዚያ አስገቡ። ጊዜው ሲያልቅ መድረኩ ራሱ ያስገባል ብላችሁ አትተማመኑ።

የግቤቱ መጠን መንገዱን ይነግራችኋል

ከጥያቄው ሥር ያለውን የመጠን ገደብ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡ።

እስከ 20፦ ሁሉንም ምርጫ መሞከር ይቻላል።
እስከ 5,000፦ ድርብ ሉፕ (በሉፕ ውስጥ ሌላ ሉፕ) ያልፋል፤ 25 ሚሊዮን እርምጃ ነው።
እስከ 100,000፦ ድርብ ሉፕ 10 ቢሊዮን እርምጃ ይሆናል፤ አያልፍም። መደርደር (ወደ 1.7 ሚሊዮን እርምጃ) ወይም ሃሽ ማፕ አስቡ።

እንደ ሲ ፕላስ ፕላስ ያለ ቋንቋ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ያህል ቀላል እርምጃ ይሠራል ብላችሁ ገምቱ፤ ለፓይተን ከዚያ አሥረኛውን ወይም ያነሰ ያዙ።

ምሳሌ

«በአሬዩ ውስጥ ድምራቸው የተሰጠውን ቁጥር የሚሆኑ ጥንዶች ስንት ናቸው?» የአባላቱ ብዛት እስከ 100,000።

ድርብ ሉፕ 5 ቢሊዮን ገደማ ጥንድ ይፈትሻል። በምትኩ አሬዩን አንድ ጊዜ ብቻ ሂዱበት፤ እያንዳንዱ ቁጥር ላይ ስትደርሱ የጎደለው ማሟያ (ከተፈለገው ድምር ላይ ቁጥሩ ሲቀነስ የሚቀረው) እስካሁን ስንት ጊዜ እንደታየ ከሃሽ ማፑ ጠይቁና ወደ ውጤቱ ደምሩ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን መዝግቡ። «ከዚያ በኋላ» የሚለውን ልብ በሉ። አሬዩ 3፣ 3፣ 3 ሆኖ የሚፈለገው ድምር 6 ቢሆን ትክክለኛው መልስ 3 ነው። ቀድማችሁ ከመዘገባችሁ እያንዳንዱ 3 ከራሱ ጋር ይጣመርና 6 ይወጣል።

ሁለተኛው ወጥመድ ይባስ የተደበቀ ነው። 100,000ዎቹ ቁጥሮች ሁሉ እኩል ቢሆኑ ጥንዶቹ 4,999,950,000 ይደርሳሉ። የጃቫ ተራ ኢንቲጀር ግን ከ2,147,483,647 አያልፍም፤ ስሕተት ሳያሳይ የማይረባ ቁጥር ይመልሳል። ውጤቱን በሎንግ (ትልልቅ ቁጥር በሚይዘው ዓይነት) ያዙ። ፓይተን ይህ ችግር የለበትም።

ሲበላሽ

«ጊዜ አልፏል» ከተባለ፦ ፓይተን ላይ ሉፕ ውስጥ በሊስት ውስጥ እሴት የምትፈልጉ ከሆነ ሊስቱን ወደ ሴት (set) ቀይሩ። ከሊስት መጀመሪያ ደጋግማችሁ የምታወጡ ከሆነ ዴክ (deque፣ ከሁለቱም ጫፍ በፍጥነት የሚወጣበት) ተጠቀሙ። ጃቫ ላይ ሉፕ ውስጥ ስትሪንግ የምትቀጥሉ ከሆነ በስትሪንግቢልደር፣ ግቤቱ ትልቅ ከሆነም ስካነርን በበፈርድሪደር ተኩ።

«የተሳሳተ መልስ» ከተባለና ምሳሌዎቹ ካለፉ፦ የቁጥር መትረፍን (ውጤቱ ከኢንቲጀር ገደብ ማለፉን)፣ የተደጋገሙ እሴቶችን፣ ከአንድ የሚጀምር ወይም ከዜሮ የሚጀምር ኢንዴክስን በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ።

ፕሮግራሙ መሐል ላይ ከቆመ፦ ብዙ ጊዜ ባዶ ግቤት ወይም ከአሬዩ ውጭ የወጣ ኢንዴክስ ነው። ፓይተን ላይ ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን ከሆነ የ1,000 ጥሪ ገደቡን አልፋችኋል፤ ገደቡን ከፍ አድርጉ ወይም በስታክ ጻፉት።

ኢንተርኔት ወይም መብራት ከተቋረጠ፦ ወዲያው የማያ ገጹን ፎቶ አንሡ፣ ሰዓቱን መዝግቡ፣ ተመልሳችሁ ግቡ፤ ካልሆነ ለመድረኩ ድጋፍ ክፍልና ለቀጣሪው በዚያው ሰዓት ጻፉ። ውጤት ከመጣ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ሰሚ አያገኝም።

ደረጃ 6፦ የተቀዳ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ

ከማያ ገጹ ማዶ ሰው የለም። ጥያቄ ይመጣል፣ 30 ሰከንድ ያህል ታስባላችሁ፣ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ትናገራላችሁ። አንዳንዱ መድረክ አንድ ድጋሚ ቅጂ ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ አይፈቅድም።

ካሜራውን በዓይን ከፍታ አድርጉ፣ ብርሃኑ ከፊት ይምጣ፣ የልምምድ ጥያቄውን ቀድታችሁ ድምፁን አዳምጡ። ለ2 ደቂቃ መልስ ሁኔታውን በ20 ሰከንድ፣ የእናንተን ኃላፊነት በ10፣ ያደረጋችሁትን በ70፣ ውጤቱን በ20 ተናገሩ። አብዛኛው ሰው ሁኔታውን ሲተርክ ጊዜው ያልቅበታል። «ሠራን» ብቻ አትበሉ፤ ገምጋሚው የሚፈልገው «እኔ ይህን ሠራሁ» የሚለውን ነው። 5 ታሪኮች አዘጋጁ፦ አለመግባባት፣ ያልተሳካ ሥራ፣ በአጭር ጊዜ የተማራችሁት ነገር፣ የመራችሁት ሥራ፣ የተሰጣችሁ ወቀሳ። መልሱን አታንብቡ፤ ዓይን ከመስመር ወደ መስመር ሲሄድ ይታያል።

ፊቴ በማሽን ይመዘናል ብለው ፈገግታ የሚያጠኑ አሉ። የዚህ ዘርፍ ታዋቂ መድረክ የሆነው ሃየርቪው የፊት ትንተናን መተዉን በ2021 አስታውቋል። ልፋታችሁን ለመልሱ ስጡ።

ደረጃ 7፦ የቀጥታ ቴክኒካዊ ቃለ መጠይቅ

ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ጥያቄው እንደተሰጠ ኮድ መጻፍ ትልቁ ስሕተት ነው። ይህን ተከተሉ፦

1. ጥያቄውን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ተናገሩ።
2. ስለ ግቤቱ መጠን፣ ስለ ድግግሞሽና ስለ ባዶ ግቤት ጠይቁ።
3. አንድ ትንሽ ምሳሌ በእጅ ሥሩ።
4. ዘገምተኛውን መንገድ ተናገሩ፣ የሚፈጀውን ጊዜ ግለጹ፣ ከዚያ አሻሽሉ።
5. ጠያቂው ሲስማማ ጻፉ።
6. ኮዱን በምሳሌው ላይ መስመር በመስመር ተከተሉ። ስሕተቱን ጠያቂው ከማሳየቱ በፊት ራሳችሁ አግኙት።

ከተጣበቃችሁ ዝም አትበሉ። «ዘገምተኛ የሆነው ይህ ክፍል ነው፤ ይህን ፍለጋ ማስቀረት ብችል...» እያላችሁ አስቡ። ጠያቂው ፍንጭ የሚሰጠው የት እንዳላችሁ ሲያውቅ ነው። ፍንጩ ሲመጣ ተቀበሉት፤ በራስ መንገድ ሙጥኝ ማለት ከመሳሳት የበለጠ ነጥብ ያስጥላል።

መሠረታዊ ጥያቄዎችም ይኖራሉ፦ የፕሮሰስና የትሬድ ልዩነት፣ አድራሻ ብራውዘር ላይ ሲጻፍ የሚሆነው ሁሉ፣ ኢንዴክስ ንባብን አፍጥኖ ለምን ጽሕፈትን እንደሚያዘገይ። ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ላይ የተለመደው ወጥመድ ሌፍት ጆይን (የግራውን ሠንጠረዥ ረድፎች ሁሉ የሚይዝ ማገናኛ) ነው፤ በቀኙ ሠንጠረዥ ዓምድ ላይ «እኩል ነው» የሚል ቅድመ ሁኔታ በዌር ውስጥ ስታስገቡ ኑል (ባዶ እሴት) ያላቸው ረድፎች ይወድቁና ኢነር ጆይን (የሚዛመዱትን ረድፎች ብቻ የሚይዝ) ይሆናል። ቅድመ ሁኔታውን ወደ ኦን አዛውሩት።

ሲቪው ላይ ያለ እያንዳንዱ ቃል የጥያቄ በር ነው። በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ለምን ያንን መሣሪያ እንደመረጣችሁና እንደገና ብትሠሩት ምን እንደምትለውጡ ተዘጋጁ።

ደረጃ 8፦ የግምገማ ቀን

አብዛኛውን ጊዜ የቡድን ሥራ፣ አጭር ገለጻና ቃለ መጠይቅ ይኖራል። በቡድን ሥራው ገምጋሚዎቹ እያንዳንዱን ሰው በመመዘኛ ቅጽ ላይ ለየብቻ ይመዝናሉ፤ ሁሉም ሊያልፍ፣ ሁሉም ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤታችሁን ማሸነፍ ነጥብ አያመጣም። «ሰዓት እኔ እይዛለሁ» ማለትም ብቻውን ምንም አይደለም፤ የሚጠቅመው «10 ደቂቃ ቀርቶናል፣ ዋጋውን ገና አላየንም» ብሎ ሥራውን ማንቀሳቀስ ነው። ዝም ያለ ሰው ካለ ሐሳቡን ጠይቁ፤ ጥሩ ሐሳብ ሲሰጥ በእሱ ላይ ገንቡ።

ለ10 ደቂቃ ገለጻ 5 ወይም 6 ስላይድ ይበቃል። ምክረ ሐሳባችሁን መጀመሪያ ተናገሩ፤ ማስረጃው ይከተል። ቁጥር ከተሰጣችሁ ተጠቀሙበት፤ የተሰጠ ቁጥር ሳይነካ መቅረቱ በግልጽ ይታያል።

ደረጃ 9፦ ውጤቱ

ከመጨረሻው ቃለ መጠይቅ በኋላ የተባለው ቀን ካለፈ 2 የሥራ ቀን ጠብቃችሁ በ3 መስመር ኢሜይል ጠይቁ። ሌላ ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ልኮ ቀነ ገደብ ካስቀመጠባችሁ ለሁለቱም ንገሩ፤ ደብዳቤውን የላከው ጊዜ እንዲያራዝም፣ ውጤቱን የምትጠብቁበት እንዲያፋጥን በትሕትና ጠይቁ። ይህ የተለመደ ነው፤ ሌላ ደብዳቤ ሳይኖር አለ ማለት ግን አደገኛ ነው።

ውሉ ላይ የሚጀመርበትን ቀን፣ የሙከራ ጊዜውን፣ የሥልጠና ወጪ መልሱ የሚል አንቀጽ መኖር አለመኖሩንና ቅጥሩ በምረቃ ውጤት ወይም በኋላ ታሪክ ማጣራት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ፈልጉ። የስልክ ቃል ኪዳን ውል አይደለም፤ የተፈረመ ወረቀት እስኪደርሳችሁ ከሌሎች ሂደቶች አትውጡ። ከፈረማችሁ በኋላ ግን የቀሩትን ማመልከቻዎች በዚያው ቀን ሰርዙ።

ከተጣላችሁ የወደቃችሁበትን ደረጃ ሠንጠረዡ ላይ አስፍሩ። ከቅጹ በኋላ ደጋግሞ መጣል መስፈርቱንና ሲቪውን፣ ከኮድ ፈተና በኋላ ልምምዱን፣ ከቀጥታ ቃለ መጠይቅ በኋላ ደግሞ እያሰቡ መናገርን አስተካክሉ ማለት ነው። ለዚህ ለመጨረሻው ችግር፣ ሰዓት እየለካ ጥያቄ የሚያነሣላችሁ ጓደኛ ፈልጉ፤ ብቻችሁን በጸጥታ 100 ጥያቄ ብትሠሩ አይፈታም። በድጋሚ ማመልከት የሚፈቀድበትን ቀንም ሠንጠረዡ ላይ መዝግቡ።